ምዕራፍ ሰባት፦ አፈር የሚመዘንባት መንደር

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ደምበጫን ያገኛሉ። ዋናውን መንገድ ይዞ ለሚቀጥል መንገደኛ ከፊቱ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳና ቡሬ አሉለት። ታሪክ የሚወድ ሰው በዚህ መስመር አይሰለችም። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ደምበጫ ያፈገፍግ የነበረው የጣሊያን ጦር ከኢትዮጵያውያን ሻለቃ ጋር ፊት ለፊት የተላተመው እዚሁ፣ ጨረቃ ወንዝ አጠገብ ነው። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ወደ ሰከላ ለሚወጣ ደግሞ ግሽ ዓባይ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 የጎበኙት ምንጭ ነው፤ ምእመናን ግን ከእነሱ በፊትም በኋላም ጸበሉን ሲጠጡ ኖረዋል።

ይህ ምዕራፍ የሚወስደን ወደ አንዱም አይደለም። ከደምበጫ ከተማ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፈረስ ቤት በሚያስኬደው የገጠር መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አንጀኒ ይገኛል። ቤተ መንግሥት የለበትም፣ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን የለበትም፣ ፏፏቴም የለበትም። ከጮቄ ተራራ ግርጌ የተዘረጋ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ የቆርቆሮና የሣር ክዳን ቤት፣ በመካከሉም ምንጨት የሚባል ትንሽ ወንዝ ነው። ሆኖም በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ደጋ አፈር የሚያጠና ተማሪ አዲስ አበባን ሳያይ አንጀኒን በስም ያውቃል። የዚህች መንደር ወንዝ በየዓመቱ ምን ያህል አፈር እንደተሸከመ ስለተመዘነ ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ አንዲት የዝናብ ጠብታ እርቃኑን በቀረ መሬት ላይ ስታርፍ አፈሩን እንዴት እንደምትፈነጥቀው አይተናል። በአምስተኛው ደግሞ ብዙ ዝናብ የጎጃምን ቀይ አፈር እንዴት አሲዳማ እንዳደረገውና ገበሬው ለምን ኖራ እንደሚበትን ተነጋግረናል። ያኔ በይደር ያቆየነው ጥያቄ ነበር። የተፈነጠቀው አፈር ወዴት ይሄዳል?

የጠላው ጋን

በተለምዶ «አፈራችን ጠፋ» እንላለን። አፈር ግን አይጠፋም፤ ይጓዛል። የምዕራፉ ፍሬ ነገር ይህ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ ይከተላል።

ጠላ የጠመቀች ሴት ነገሩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ጋኑ ረግቶ ሲቆም አተላው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ጠላው ከላይ ይጠልላል። እንግዳ ሲመጣ ጋኑን ሳትነካካ ከላይ ቀስ አድርጋ ትቀዳለች። አንድ ችኩል ልጅ ጋኑን ከነቀነቀው ግን የዘቀጠው ሁሉ ይነሣና ጠላው ይደፈርሳል። አተላው አልጨመረም አልቀነሰም፤ የተለወጠው የፈሳሹ እንቅስቃሴ ነው።

ጎርፍም እንዲሁ ነው። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ አፈር ይሸከማል፤ የዘገየ ውሃ ሸክሙን ያራግፋል። የፍጥነትና የሸክም ዝምድና ደግሞ እኩል በእኩል አይደለም። የውሃው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚሸከመው አፈር ከእጥፍ እጅግ ይበልጣል። ውሃው ሲዘገይ መጀመሪያ የሚወርደው አሸዋ ነው፣ ቀጥሎ ደለል። በጣም የደቀቀው የሸክላ ብናኝ ግን ውሃው ቢረጋም ለረጅም ጊዜ ተንሳፍፎ ይቆያል። ጉዳቱ የሚከፋውም በዚህ ነው፤ ለሰብል የሚያስፈልገው ምግብና ብስባሹ የተጣበቀው በደቃቁ ላይ ነው። ጎርፉ ርቆ የሚወስደው ምርጡን አፈር ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የአፈር ጥበቃ ሙያ ሲጠቃለል አንድ ጥያቄ ነው፤ ጋኑ እንዳይነቃነቅ ምን ይደረግ?

ጠርሙስ ይዞ ወንዝ ዳር መቆም

የ1966ቱ የወሎ ረሃብ የአገሪቱን የመሬት ጉዳይ አደባባይ ካወጣው በኋላ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከለጋሾችም ዘንድ ብዙ እርከን ለመሥራት ፍላጎት ተነሣ። ችግሩ ማንም ልክ አልነበረውም። ምን ያህል አፈር ይሄዳል? የትኛው እርከን ለየትኛው አገር ይሆናል? በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግብርና ሚኒስቴርና የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ጀመሩ። መሪው ሃንስ ሁርኒ ቀደም ሲል የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሆኖ የሠራ የስዊዝ የመልክዓ ምድር ሊቅ ነበር። ጣቢያዎቹ የአገሪቱን ልዩ ልዩ አየር ንብረት እንዲወክሉ ተመረጡ። ማይባር በወሎ፣ አንዲት ጥድ በሰሜን ሸዋ፣ ጉኑኖ በወላይታ፣ ሁንዴ ላፍቶ በሐረርጌ። እርጥቡንና ለሙን የጎጃም ወይናደጋ እንዲወክል በ1976 ዓ.ም. አንጀኒ ተከፈተ።

ቦታው ትንሽ ነው፤ 113 ሄክታር ገደማ፣ በአካባቢው አጠራር 450 ቃዳ ያህል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 እስከ 2,500 ሜትር። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ቦታ «ተፋሰስ» ይሉታል፤ በውስጡ የሚወርደው ዝናብ ሁሉ በአንድ በር የሚወጣበት መሬት ማለት ነው። በሩ አንድ መሆኑ ለመዛኝ ይመቻል። ምንጨት ከተፋሰሱ በሚወጣበት ቦታ ላይ ውሃው በግንብ መካከል እንዲያልፍ ተደረገ፤ የውሃውን ከፍታ የሚመዘግብ መሣሪያም ተተከለ።

የቀረው ሥራ የሰው ነው። ከዚያው ከመንደሩ ሰዎች ተመርጠው ሠለጠኑ። በየማለዳው የዝናብ መለኪያውን ያነባሉ። ዝናብ ጥሎ ወንዙ መደፍረስ ሲጀምር የተረኛው ሰው አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ይዞ ወደ ግንቡ ይወርዳል፤ በየ10 ደቂቃው አንድ ጠርሙስ ይቀዳል። ሌሊትም ይሁን፣ መብረቅም ይሁን። ውሃው እስኪጠራ ድረስ አይለቅም። በኋላ ውሃው ይጣራል፣ የቀረው አፈር ይደርቃል፣ ይመዘናል። እኔ እንደሚመስለኝ ከኢትዮጵያ የሳይንስ ታሪክ ውስጥ እንደነዚህ ጠርሙስ ቀጂዎች ያልተመሰገነ የለም። ታላላቅ የጥናት ጽሑፎች ሁሉ የቆሙት በእነሱ እንቅልፍ ማጣት ላይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ በአንዱ ሊትር ውስጥ 5 ግራም አፈር ተገኘ እንበል። በዚያች ሰዓት በግንቡ በኩል በሴኮንድ 500 ሊትር ውሃ ያልፍ ከነበረ፣ በየሴኮንዱ ሁለት ኪሎ ተኩል አፈር ይሄድ ነበር ማለት ነው። ጎርፉ አንድ ሰዓት ከቆየ 9,000 ኪሎ፣ 90 ኩንታል ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንዲት ትንሽ ወንዝ።

ከወንዙ ሌላ በማሳዎቹ ላይ ስፋታቸው 6፣ ርዝመታቸው 30 ሜትር የሆኑ ዙሪያቸው የታጠረ መደቦች ተሠርተው፣ ከግርጌያቸው የሚወርደው ውሃና አፈር በማጠራቀሚያ ተያዘ። አንዱ መደብ ያለ እርከን ሲታረስ ሌሎቹ ላይ የተለያየ እርከን ተሞከረ። ሁርኒ ከእነዚህ ጣቢያዎች በተገኘ ልክ ተመርኩዞ በአገሪቱ ከሚታረስ መሬት በዓመት በአማካይ ከሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመተ። ይህ 420 ኩንታል ነው። ከዚያው ሄክታር በቆሎ ቢዘራና 40 ኩንታል ቢገኝ፣ ለአንድ ኩንታል በቆሎ ከአሥር ኩንታል በላይ አፈር ተከፈለ ማለት ነው። ጤፍ ከሆነ ሒሳቡ የባሰ ነው፤ ጤፍ ምርቱ ያነሰ፣ እርሻውም የበዛ ነውና።

የሰኔ ዝናብና የነሐሴ ዝናብ

አንጀኒ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ከአዲስ አበባ በብዙ ይበልጣል። ዝናቡ የሚወርደውም በአንድ ረጅም ክረምት ነው። በጣም በሚዘንብበት ወር ብዙ አፈር ይሄዳል ብሎ መገመት ተገቢ ይመስላል። ጠርሙሶቹ ግን ሌላ ተናገሩ።

በክረምቱ መግቢያ መሬቱ ደረቅ ነው፤ የሚወርደውን ዝናብ አብዛኛውን ይጠጣዋል። የኮርኔልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንጀኒን፣ የአንዲት ጥድንና የማይባርን የብዙ ዓመት መዝገብ አገላብጠው ሲያዩ፣ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ከትነት የተረፈው ዝናብ ተደምሮ 500 ሚሊ ሜትር አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ወደ ወንዙ የሚሄደው ድርሻ እያደገ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ልክ እንደሚረጋ አገኙ። ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ የወንዙ ዳርና ረባዳው መሬት በውሃ ጠግቧል፤ በላዩ የሚወርደው ጠብታ መግቢያ የለውም። ጎርፍ የሚነሣው በአብዛኛው ከተዳፋቱ አናት ይመስለን ነበር፤ በእነዚህ ቦታዎች ግን ተዳፋቱ ደህና ጠጪ ነው። የሚተፋው የጠገበው ረባዳና ላዩ ታጥቦ የጠጠረው መሬት ነው።

ነገር ግን ብዙ ውሃ ማለት ብዙ አፈር ማለት አይደለም። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ የሚወርደው ውሃ መጠኑ ያነሰ ቢሆንም ቀለሙ እንደ ቡና ነው። በነሐሴ መጨረሻ ወንዙ ሞልቶ እንኳ እየጠራ ይሄዳል። ለምን? ጋኑን ማን እንደነቀነቀው ማየት ነው። ገበሬው ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ አርሷል፤ አፈሩ ልል ነው፣ ዱቄት ሆኗል፣ ከላዩ አንዳች ቅጠል የለበትም። የሐምሌ ዝናብ የሚያገኘው የተበጠበጠ ጋን ነው። በነሐሴ ግን ሰብሉ መሬቱን ሸፍኗል፣ ሥሩ አፈሩን ይዟል፣ ተነሺው ሁሉ ተነሥቶ ሄዷል።

አንድ የአካባቢው ልማድ እዚህ ላይ ይገባል። የጎጃም ገበሬ ዘር ከዘራ በኋላ ውሃ ማሳው ላይ ተኝቶ ሰብሉን እንዳያበሰብስበት በማረሻ አግድም «ፈሰስ» ያወጣል። ብልህ ልማድ ነው፤ በዚህ ዝናብ ያለ ፈሰስ ጤፍ አይበቅልም ብል አላጋነንኩም። ፈሰሱ ቁልቁለት ከበዛበት ግን የተበታተነውን ውሃ አንድ ላይ ሰብስቦ ያፈጥነዋል። ከጎረቤት ፈሰስ ጋር ሲገናኝ ቦረቦር ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ያ ቦረቦር ላም የሚውጥ ይሆናል።

ራሱን በራሱ የሚሠራ እርከን

በ1978 ዓ.ም. መላው ተፋሰስ በእርከን ተሸፈነ። የተመረጠው ዓይነት ከኬንያ ደጋ የመጣ፣ ስሙም ከስዋሂሊ እንዳለ የተወሰደ «ፋንያ ጁ» ነው። ከዳር ለሚያየው ሥራው የተገለበጠ ይመስላል። ቦይ ሲቆፈር ማንም ሰው አፈሩን የሚጥለው ወደ ቁልቁለቱ ነው፤ ይቀላልና። በፋንያ ጁ ግን አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ በኩል ተጥሎ ድብ የሚባል የአፈር ክምር ይሠራል። ሥራው ወገብ ይቆርጣል። ለምን ይህን ያህል ድካም?

አሁን ውሃው ከላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ድቡን ነው። ይቆማል፤ ይዘገያል። የዘገየ ውሃ ደግሞ ሸክሙን ያራግፋል። አፈሩ ከድቡ በላይ ይተኛል። በሚቀጥለው ዓመት ገበሬው በበሬ ሲያርስ ማረሻው ራሱ በየእርሻው ጥቂት አፈር ወደ ታች ይገፋል፤ ያም ከድቡ ላይ ይቆማል። ድቡ ሲሞላ ገበሬው ከቦዩ አውጥቶ ከፍ ያደርገዋል። ከላይ ያለው እየተላጨ፣ ከታች ያለው እየሞላ ሲሄድ በሁለት ድቦች መካከል ያለው ተዳፋት ከዓመት ዓመት ይተኛል። በመጨረሻ ደረጃ ይሆናል።

ደረጃውን ማን ሠራው? ሰው የሠራው ድቡን ብቻ ነው። መሬቱን ያስተኛው ያ አፈር ወሳጅ ጎርፍና ያ አፈር ገፊ ማረሻ ናቸው። የኮንሶ ሰዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርበው በእጃቸው የሠሩትን፣ በአንጀኒ መሸርሸር ራሱ እየተያዘ ይሠራዋል። ከዚህ ሙያ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ጠላትን በጉልበት ከመመለስ ይልቅ ሥራ ማስያዝ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ነበረ። ድርቅ በሚያጠቃው አገር እርከን ውሃን ለማቆር ፍጹም ደልዳላ ሆኖ ይሠራል። አንጀኒ ላይ እንዲያ ቢደረግ ውሃው ሞልቶ ድቡን ይሰብረዋል፤ የአንዱ መሰበርም የሥረኛውን ሁሉ ይደረምሳል። ስለዚህ ቦዮቹ በትንሹ እንዲያዘነብሉ ተደረገ፤ በ100 ሜትር ርዝመት እስከ 1 ሜትር ዝቅ ቢሉ ነው። ውሃው ሳይቸኩል ወደ ተዘጋጀለት መውረጃ ይሄዳል፣ አፈሩ ግን ይቀራል።

የገበሬው ሒሳብ

እስካሁን ያወራነው የባለሙያው ወገን ነው። ገበሬው ሲጠየቅ ሌላ ይናገራል፤ ንግግሩም እውነት ነው።

ድቡና ቦዩ መሬት ይበላሉ። ሄክታር ለማይሞላ ባለ ይዞታ ያ መሬት ቀላል አይደለም። በሬ ጠምዶ በጠባብ እርከን ላይ ማዞር ያስቸግራል። በድቡ ሥር አይጥና አረም ይመሽጋል። ከድቡ በላይ ውሃ ሲተኛ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። ከላይኛው ጫፍ ደግሞ አፈሩ ስለተላጨ ምርቱ ይቀንሳል፤ በአንድ እርከን ውስጥ ታችኛው ለምለም፣ ላይኛው ኮስማና ይሆናል። በሙከራ መደቦቹ ላይ የተደረገው ጥናትም ይህንኑ መሰከረ። እርከኑ አፈር መያዙ አላጠራጠረም፤ ምርት ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ አልጨመረም። የልጅ ልጅን እጠቅማለሁ ብሎ የዛሬን እህል መቀነስ ለጠገበ ሰው ምክር ነው እንጂ ለተራበ አይሆንም።

ሌላም አለ። በደርግ ዘመን ከአገሪቱ እርከን ብዙው በስንዴና በዘይት ክፍያ፣ አንዳንዱም በትእዛዝ የተሠራ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው ፈረሰ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተደለደለ። ነገ ለሌላ ሊሰጥ በሚችል መሬት ላይ ድብ የሚያድስ ማን ነው? በኋላ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ ለእርከን የሰጠው ድጋፍ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል ባይ ነኝ።

አንጀኒ ላይ ግን እርከኖቹ ቆዩ። ከተሠሩ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የሄዱ ተመራማሪዎች የእርከኑን አፈር እርከን ከሌለው ጎረቤት ማሳ ጋር ለማነጻጸር የቻሉት ስላልፈረሱ ነው። አንዱ ምክንያት ሣር ይመስለኛል። በድቡ ላይ የሚበቅለው ሣር ታጭዶ ለከብት ይሆናል፤ ከብት ካለ ወተት አለ፣ በሬው አይከሳም። መሬት በላ የተባለው ድብ በዚህ በኩል ይከፍላል። ጣቢያው ከመጀመሪያው ፕሮጀክት ማብቃት በኋላ በክልሉ የግብርና ምርምር ሥር፣ በአዴት ማዕከል በኩል ቀጠለ፤ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውሃና የመሬት ሀብት ማዕከል ለእነዚህ አሮጌ ጣቢያዎች መነቃቃት እጁን አስገባ።

ምንጨት ወርዶ ወርዶ የሚገባው ዓባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራ የጀመረው የሱዳኑ ሮዛሪስ ግድብ ግድግዳው ከፍ እስኪል ድረስ ባሉት አርባ ምናምን ዓመታት ውሃ ከሚይዝበት ቦታ ከሲሶ በላይ በደለል ተሞልቷል። ዛሬ ከሱ በላይ የሕዳሴው ግድብ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ትልቅ ጋን ተቀምጧል። ውሃው እዚያ ሲደርስ ይረጋል፤ ሲረጋ ምን እንደሚያደርግ አንባቢ አሁን ያውቃል።

ለሚጎበኝ ሰው

የግሽ ዓባይ መንገድ የውሃውን መነሻ ያሳያል። የአፈሩን መነሻ ለማየት አንጀኒ ይሻላል፤ የጉዞ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች እስካሁን አለማሰባቸው ይገርመኛል።

አገሩ ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት ከሄዱ በጥር አይሂዱ። በጥር የሚያዩት ገለባና የደረቀ ቦይ ነው። በሐምሌ ይሂዱ፤ ጃንጥላና ቦት ጫማ ይያዙ። ከደብረ ማርቆስ ሲመጡ ደምበጫ ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፈረስ ቤት ይታጠፉ። እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ ከወንዙ ዳር ቆመው ዝናብ ከመጣሉ በፊትና ከጣለ በኋላ የውሃውን ቀለም ይዩ። ከዚያ ወደ ማሳው ወጥተው ከአንዱ እርከን ድብ በላይና በታች ያለውን አፈር ከፍታ ያወዳድሩ። ሰብሉ ከላይኛው ጫፍና ከድቡ አጠገብ እኩል መሆን አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። ድቡ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ግን ባለ ማሳውን ያስፈቅዱ። ሣሩ የከብቶቹ ቀለብ ነው።